ለትንፋሽ የተተወ ቦታ

ሬኔታ ደረጃውን እየወረደች ሳለ የእህቷ ባል ዊልበርት ኩሽና ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማች። «በማንም የዘፈን ሸክላ ላይ ድምፅዋን ከሰማሁ እሷን አይደለም የምጠይቀው አለኝ ሚስተር ፕሩዊት። ያመጣልኝን ሰው ነው የምጠይቀው አለ። ማነው ያመጣት? እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ በየስቱዲዮው እየዞርኩ አያለሁ ብሏል። መኪናውን የምነዳለትም ያው እኔ ነኝ።» እህቷ ኢርሊን ምን እንደመለሰች አልተሰማም። ማማሰያ የድስቱን ዳር ሲነካ ብቻ ተሰማ።

ቆማ ብትቆይ ደረጃው ያሳብቅባታል። የዚህ ሰፈር ቤቶች ግድግዳቸው የተያያዘ፣ ወለላቸው ያረጀ ነው፤ ተደብቆ መቆም የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሆን ብላ እግሯን ጣል ጣል እያደረገች ወርዳ ገባች። ኢርሊን ጀርባዋን ሰጥታ የበቆሎ ገንፎውን ታማስላለች። ዊልበርት የሹፌር ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በጨርቅ ያብሳል። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ የማይዘጋበት ቤት ነው፤ ዛሬ ተዘግቷል። መስኮቱ ላይ የጎረቤት ግድግዳ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚያስለው ሰውዬ ሲያስል ግን አብሯቸው ቁርስ የቀረበ ይመስላል።

«ቤከን የለም» አለች ኢርሊን ዞር ሳትል። «ዋጋውን አይተሽዋል? ጋዜጣው ላይ ሴቱ ሁሉ ሥጋ አንገዛም ብሎ አድሟል ይላል። እኔ ሳላድም መግዛት ካቆምኩ ቆየሁ፤ ፎቶ የሚያነሳኝ ግን አልመጣም።»

«የት ነሽ ዛሬ?» አለ ዊልበርት፣ አይኑን ከባርኔጣው ሳያነሳ።

«ጥርስ ሐኪም ጋ።»

«የቱ ጥርስሽ ነው?»

«የኋለኛው።»

ራሱን ነቀነቀ። ሬኔታ ሳህኗን ተቀብላ ተቀመጠች። ገንፎው ትኩስ ነበር፤ እሷ ግን ጣዕሙን ሳታውቅ ዋጠችው። ለዊልበርት ልንገረው ብላ አሰበችና ተወችው። የሚያውቅ ሰው ማወቁ ፊቱ ላይ ይጻፋል፤ ሚስተር ፕሩዊት ደግሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በመስታወት የሹፌሩን ፊት ሲያነብ የሚውል ሰው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ፒያኖ ተጫዋች ነበረው፤ ሳያስፈቅድ ለሌላ ሰው ተጫወተ ተብሎ ጣቶቹን የመኪና በር ላይ አስቀምጠው በሩን ዘጉበት። በሩን የዘጋው ዊልበርት አልነበረም። መኪናው ግን ዊልበርት የሚነዳው መኪና ነበር፤ ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለስ እራት አልበላም፣ ማንም ለምን አላለውም። አሁን የዊልበርት ጣቶች ባርኔጣው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ሬኔታ እነሱን ብቻ ታይ ነበር።

ያደረገችው ነገር ትንሽ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን በሚስተር ፕሩዊት መጠጥ ቤት በከበሮ፣ በጊታርና በአሮጌ ኦርጋን ትዘፍናለች። አምስት ዓመት ለሌላ ማንም ላትዘፍን ፈርማለች፤ በአምስቱ ዓመት ሸክላ ላሳትምልሽ ያላት ይኸው ሰውዬ ግን እስካሁን አንድም አላሳተመላትም። ባለፈው ወር ክሌቦርን ኢስሊ የሚባል አቀናባሪ አገኛትና መሪ ድምፅ እንድትሰጠው ጠየቃት። በዚህ ከተማ ዘፈን የሚሠራው በየተራ ነው፤ መጀመሪያ ድራሙና ቤዙ ይቀረጻል፣ ከዚያ ቃሉ የት እንደሚያርፍ እንዲታወቅ አንድ ማንም የማያውቃት ሴት ትዘፍንበታለች፣ አቀናባሪው በሷ ድምፅ ዙሪያ ቫዮሊኑን ይጽፋል፣ በመጨረሻ ስም ያላት ዘፋኝ ትመጣና የመሪዋ ድምፅ ይጠፋል። ማንም አይሰማሽም አላት። ያሳታት ገንዘቡ አልነበረም። በልጅነቷ ሌሎቹ ልጆች ሬዲዮ ላይ ዘፋኙን ሲከተሉ እሷ ከኋላ ያለውን ትከተል ነበር፤ ዘፋኙ ሲያርፍ ከሥር ተነስቶ የሚመጣውን የቫዮሊን መንጋ። ኢርሊን «ቃሉን ዝፈኚ እንጂ ምን ታንጎራጉሪያለሽ» እያለች ትቆጣት ነበር። ለሬኔታ ግን እያለቀሰ ላለ ሰው ሳይጠራ ከኋላ መጥቶ ኮት የሚደርብለት ሰው ያለ ይመስላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለኔ ሲደረብልኝ ልስማ ብላ ነው እሺ ያለችው። ቫዮሊኑ የሚቀረጸው ዛሬ ነው፤ ኢስሊም መጥታ እንድትሰማ ጋብዟታል። ሳምንቱን ሙሉ ለዚህ ቀን ስትጓጓ ከርማለች።

ሚስተር ፕሩዊት እየዞረ መሆኑን ልትነግራቸው ጥጉ ላይ ካለው የስልክ ሳጥን ስቱዲዮው ጋ ደወለች፤ ማንም አላነሳም። ሳንቲሙ ተመልሶ ወደቀላት። በምድር ውስጥ ባቡሩ ስትሄድ ከሷ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ዶሮ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ፤ አንደኛዋ «አንገቱንም ይመዝንብኛል እኮ፣ አንገቱን ማን ይበላል?» ትላለች፣ ሌላዋ «ባልሽ» ብላ ታስቃታለች። ሬኔታ ሳታስበው አብራ ሳቀች። ከመሬት በታች ስትወጣ መንገዱ ዳር የቆመውን፣ የሚስተር ፕሩዊትን መኪና የሚመስለውን እያንዳንዱን ረጅም አረንጓዴ መኪና አየች። ሁለት ነበሩ። በአንደኛው ውስጥ ውሻ ብቻ ተቀምጦ ነበር።

ስቱዲዮው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው የሲጋራና የሙጫ ሽታ አለው። ትልቁ ክፍል ውስጥ የሚበዙት ያረጁ ነጮች የሆኑ ሃያ ያህል ሰዎች ሹራባቸውን ወንበር ላይ አንጠልጥለው፣ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ወንበር ሥር አኑረው፣ ቫዮሊናቸውን ይቃኛሉ፤ ጥጉ ላይ ጥቂት ጥሩምባ ነፊዎች ተቀምጠዋል። ማታ ማታ ከኦፔራ ቤቱ መድረክ ሥር ተቀምጠው የሚጫወቱ ናቸው፤ ቀን ቀን የጥቁሮቹ ዘፈን ላይ ይመጣሉ፤ ይህን ሥራ እንደማይወዱት ያወራሉ፣ አንድም ቀን ግን አይቀሩም። ኢስሊ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ መሐላቸው ቆሟል። ትልቅ፣ ከባድ፣ ሲራመድ የማይሰማ ሰው ነው።

«ሚስተር ኢስሊ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለችው።

«በኋላ።»

«አሁን ነው የሚሻለው።»

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሽማግሌ በሰዓት ነው የሚከፈለው። ግቢና ከማርቲ ጋ ተቀመጪ። ስትሰሚው የምትነግሪኝን ትረሺዋለሽ።»

ከመስታወቱ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ድምፅ የሚቀርጸውን መላጣውን ማርቲን የመቅረጫውን የቴፕ ክር እያጠነጠነ አገኘችው። ወንበር በእግሩ ገፋላት። በሩ የሚታይበት ቦታ መርጣ ተቀመጠች። ከዚያ ክሩ መዞር ጀመረ።

መጀመሪያ ድራሙና ቤዙ ራቁታቸውን መጡ፤ ከዚያ የራሷ ድምፅ። ሸሚዝህ ገመዱ ላይ ነው፣ ዝናብ መጣ፤ እዚህ ላይ ትንፋሽ አጠራት። ያን ቀን ፈርታ ስለነበር ነው፤ «አላስገባሁትም» የሚለው ቃል ላይ ሳትደርስ፣ መቆም በማይገባት ቦታ ቆማ ነበር የተነፈሰችው። ስህተቷ ነበር፤ መጠጥ ቤቱም ውስጥ የማይለቃት ስህተት ነው፤ ኢስሊ ይቅር ይደገም ይላል ብላ ስትጠብቅ ምንም ሳይል ነበር ያሰናበታት። አሁን በዚያች ጉድጓድ ውስጥ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ቼሎዎቹ ገቡ። ከታችኛው ፎቅ ከባድ ዕቃ በጥንቃቄ ሲገፋ እንደሚሰማ፣ ቀስ ብለው። በላያቸው ቪዮላዎቹ፣ በነሱም ላይ ቫዮሊኖቹ፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ እየረገጠ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያም ቃሏ ልትጀምር ስትል ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ፤ በር ከፍቶ ወደ ጎን እንደሚቆም ሰው። «አላስገባሁትም» አለ የሷ ድምፅ በተከፈተው በር ሲገባ። ሬኔታ ይህን ዘፈን ስለ ልብስ ማድረቂያ የተጻፈ ተራ ዘፈን ነው ብላ ነበር የዘፈነችው። አሁን ግን ሸሚዙ በዝናብ ሲከብድ፣ ገመዱ ወደ መሬት ሲጎነበስ፣ ሴትዮዋ መስኮት ላይ ቆማ እያየች ለመውጣት እምቢ ስትል ታያት። ይህን ያደረጉት ቫዮሊኖቹ ናቸው፤ ቃሉ አልተለወጠም፤ እሷም ያኔ የዘፈነችውን ነው የምትዘፍነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፅዋ ትንሽ ሲወርድ ጥሩምባዎቹ ከሥር ገብተው ክንዷን ያዟት። ሳታውቀው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ፍርሃቱን ረሳችው። ከዚያ በዚህ ሁሉ መሐል ድምፅዋ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ አስተዋለችና ተመልሶ መጣባት፤ እንዲህ አድርገው የሸለሟትን ሴት ማን ሳያያት ያልፋል?

ኢስሊ ላብ አጥልቆት ሲገባ ሳያርፍ ያዘችው። «የኔን ድምፅ አሁን ያጥፉልኝ።»

«ትጠፊያለሽ እንጂ። ሐሙስ ዘፋኟ ሴትዮ ትመጣለች፣ ያን ጊዜ ትጠፊያለሽ። ምን አስቸኮለሽ?»

«ሚስተር ፕሩዊት ዛሬ በየስቱዲዮው እየዞረ ነው።»

ኢስሊ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። ፕሩዊትን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ አንድ መንገድ ላይ ነው ያደጉት። ምንም ሳይጠይቃት ወደ ማርቲ ዞረ። ማርቲ የሷን ድምፅ ዘጋው፣ ድራሙንም ዘጋው፣ ከማጥፋቱ በፊት ቫዮሊኖቹን ብቻ ሊሰማ ፈለገ። ከቫዮሊኖቹ ሥር፣ ከሩቅ፣ በጎረቤት ግድግዳ በኩል እንደሚሰማ ሆኖ፣ አንዲት ሴት ትዘፍናለች።

«አለችበት» አለ ማርቲ።

ጥፋቱ የሽማግሌዎቹ ነው። ዘፈኑን እየሰሙ እንዲጫወቱ የጆሮ ማዳመጫ ተሰጥቷቸዋል፤ እነሱ ግን የራሳቸውን ቫዮሊን ካልሰሙ መጫወት አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ ሁሉም አንደኛውን ጆሯቸውን ገልጠው ይጫወታሉ። ከተገለጠው ማዳመጫ ድምፅዋ እየወጣ በየማይክሮፎኑ ገብቷል። የሷን ክፍል ቢያጠፉትም ከቫዮሊኖቹ ውስጥ ማውጣት አይቻልም።

«ከዚህ ክፍል ውጪ ማንም አይሰማውም» አለ ኢስሊ። «ሴትዮዋ ስትዘፍንበት ይሸፈናል።»

«እሱ ይሰማዋል።»

«ፕሩዊት እኮ መጠጥ ሻጭ ነው፣ ሬኔታ።»

«ጆሮ አለው። ችግሩም እሱ ነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፅሽ ይወርዳል ብሎ የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። እርስዎም አልነገሩኝም።»

ኢስሊም ሰምቶት ነበርና ነው ጥሩምባዎቹን እዚያ ያስገባው። «ይኼ የተጫወቱት እኮ ዳግም የማይገኝ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «እንዲህ ሆኖ አይመጣም።»

«የእህቴ ባል እጅም ዳግም አይገኝም» አለች።

እንደገና አስቀረጻቸው፤ በዚህኛው ሽማግሌዎቹ ድራምና ቤዝ ብቻ እየሰሙ። ሁሉም ነገር በቦታው ነበር፤ አንድም የሳተ የለም። ግን የሰው ቤት በሰዓቱ ደርሶ ማንንም እንዳጣ እንግዳ፣ ቫዮሊኖቹ ይወጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ለምን እንደቆሙ አያውቁም። ሲጨርሱ የቫዮሊኖቹ አለቃ ሚስተር ፉስኮ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ መስታወቱ ጮክ ብሎ ተናገረ። «ክሌቦርን፣ ልጅቷን ምን አደረጋችኋት? እሷን ተደግፈን እኮ ነበር የምንሄደው። አሁን ሳይክል ላይ ሆኜ ግድግዳ የምፈልግ መሰለኝ።»

ኢስሊ ሰዓቱን አየ። ሰዎቹ ሊሄዱ ነው፤ ከዚህ ወደ ልምምድ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለ ይሁን ሊል እንደሆነ ፊቱ ላይ አነበበችው። ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው የፈራችው፤ ክፉ ቢሆን ትለምነው ነበር። ይልቁንስ ተነስታ በሩን ከፍታ ወደ ትልቁ ክፍል ገባችና ኢስሊ የሚቆምበት ሳጥን አጠገብ ቆመች። «ልጅቷ እኔ ነኝ» አለቻቸው። «ድምፅ ማውጣት አልችልም። ግን እኔን እያያችሁ መጫወት ትችላላችሁ።»

ሚስተር ፉስኮ ከመነጽሩ በላይ አያት። «ጉንፋን ነው?»

«እንደዚያ ነገር።»

«ግድ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ከመድረክ ሥር ተቀምጬ የዘፋኝ ትከሻ ሳይ ነው የኖርኩት። አንዳንዶቹ ድምፃቸው ባይሰማኝ እመርጥ ነበር።» አጠገቡ ያሉት ሳቁ።

ድራሙ በማዳመጫቸው ሲጀምር እሷ ምንም አትሰማም ነበር፤ የኢስሊን እጅ ብቻ ታያለች። አፏን ከፍታ ያለ ድምፅ ዘፈነች። ሸሚዝህ ገመዱ ላይ ነው፣ ዝናብ መጣ፤ ትከሻዋ ተነሳ፣ ሃያ ደጋን አብሮ ተነሳ። ከሚጫወቱ ሰዎች መሐል ስትቆም ነገሩ ሌላ ነው፤ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በጫማ ሥር ይገባል፣ የወለሉ ጣውላ ይንቀጠቀጣል፣ የቼሎዎቹ ደጋን ሲጎተት ነፋስ ያለው ይመስላል። አንድ ትንሽ ጩኸት፣ አንድ ሹክሹክታ እንኳ ካመለጣት ያው ነው፤ ጥርሷን ነክሳ እንደሚታከም ሰው ሆና ዘፈነች። በሩ ከጀርባዋ ስለነበረ ደግሞ ጀርባዋ በሙሉ አይን ሆኖ ነበር። ሲያልቅ ሚስተር ፉስኮ ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ እያስተኛ «አሁን ሆነ» ብቻ አለ።

ሽማግሌዎቹ ሹራባቸውንና ዳቧቸውን ይዘው ወጡ። ማርቲ በመጀመሪያው ላይ በተቀረጸው አዲስ ቅጂ፣ በቫዮሊኖቹ ውስጥ ፈለጋት፤ የለችም። ከዚያ የመሪ ድምፅዋን ክፍል ሊያጠፋ ክሩን ወደ መጀመሪያው መለሰው። ማጥፋት እንደ ወረቀት መቅደድ አይደለም፤ ዘፈኑ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ ክሩ ይዞራል፣ ድምፅዋ እየጠፋ ቫዮሊኖቹ እየተሰሙ ይሄዳል። ሦስቱም ቆመው ሰሙ። ቫዮሊኖቹ ይወጡና ለማንም በር ከፍተው ይቆማሉ። ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ደረጃው ላይ የሁለት ሰው እርምጃ ተሰማ። ማርቲ ወደ ኢስሊ አየ፤ ኢስሊ ቀጥል ብሎ በአይኑ ነገረው። እርምጃው ትልቁን ክፍል አቋርጦ መጣ። ክሩ አለቀ፣ ቀዩ መብራት ጠፋ፣ በሩ ተከፈተ።

ዊልበርት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። አያትና ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ከኋላው ሚስተር ፕሩዊት ገባ፤ አጭር፣ ንጹሕ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ሰው።

«ሬኒ» አለ በለስላሳ ድምፁ። «ጥርስሽ እንዴት ሆነ? ዊልበርት ነግሮኝ አዘንኩልሽ። ተነቀለ?»

«ፈራሁና ተመለስኩ፣ ሚስተር ፕሩዊት።»

«ከዚያስ?»

«ሚስተር ኢስሊ ዛሬ ቫዮሊን እንዳለ ነግረውኝ ነበር። ልሰማ መጣሁ።»

«ልትሰሚ። ጥሩ። እኔም ልስማ።» ሬኔታ የተነሳችበትን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ከፍ አደረገ፣ አይኑን ጨፈነ። ማርቲ አጫወተለት። ቫዮሊኖቹ በወጡና በቆሙ ቁጥር ሚስተር ፕሩዊት አንድ ጣቱን ከጉልበቱ ላይ ያነሳል። ሲያልቅም አይኑን ሳይገልጥ «ያምራል» አለ። በእውነት ነበር ያለው፤ ሬኔታን ከሁሉ በላይ ያስፈራትም ይኸው ነው። «ክሌቦርን፣ ዘፋኟ የት አለች?»

«ሐሙስ ነው የምትመጣው።»

«ልኳን ሳትለካ እንዴት ሰፋህላት?»

«እኔው ዘፍኜ ነው የለካሁት።»

«አንተ እንዲህ አትተነፍስም፤ አብረን ነው ቤተ ክርስቲያን የዘመርነው።» ሳቀ። «ይቺ ሴት ነገሩን ሳትጨርስ ነው ትንፋሽ የምትወስደው። ቫዮሊንህ የሚጠብቃት እዚያ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የምሰማት አንዲት ልጅ እንደዚህ ታደርጋለች።» ይህን ሲል ሬኔታን አላየም። ያየው ዊልበርትን ነው። ዊልበርት ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጣቶቹ ጠርዙ ላይ ነጥተው ቆሟል።

«እስቲ ሂጂና ዝፈኚልኝ፣ ሬኒ» አለ ሚስተር ፕሩዊት።

«ዜማውን አላውቀውም።»

«ክሌቦርን ያስጠናሽ። ፈጣን ልጅ ነሽ።»

ኢስሊ ፒያኖው ላይ በአንድ ጣት ዜማውን መታላት፤ እጁ ከብዶት ነበር። የቃሉን ወረቀት ተቀብላ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ማዳመጫውን ስታጠልቅ አሰበች። አበላሽታ ብትዘፍን ያውቅባታል፤ ሆን ብሎ የሚሳሳት ሰው ድምፁ ይዋሻል፣ እሱ ደግሞ ውሸትን ለይቶ የሚሰማ ሰው ነው። በደንብ መዝፈን አለባት። በቦታው ግን አይደለም።

ድራሙ መጣ። «ሸሚዝህ ገመዱ ላይ ነው፣ ዝናብ መጣ አላስገባሁትም» ብላ በአንድ ትንፋሽ ዘለቀችው። ቼሎዎቹ ሲነሱ ቃሏ ላይ ወጡበት፣ ቫዮሊኖቹ ሲመጡ አፏ ሞልቶ አገኙት፣ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ እንደገባ ሰው ረገጠቻቸው። ከዚያ ዝም ብለው በሩን ሲከፍቱላት የምትለው አልነበራትም፤ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ድራሙ ብቻውን አንድ ሁለት አለ። በሚቀጥለውም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። ሳንባዋ በለመደችው ቦታ ላይ ቁሚ፣ ተንፍሺ ይላታል፤ እሷ ሆዷን ጨምቃ ታልፈዋለች። በማዳመጫው ውስጥ ሁሉም ነበር፤ ጫማዋ ሥር የነበረው መንቀጥቀጥ፣ የሚስተር ፉስኮ ደጋን፣ በልጅነቷ የተከተለችው ሁሉ፣ በልኳ ተሰፍቶ፤ እሷም እንዳይሆናት እየታገለች ዘፈነችው። በመስታወቱ ውስጥ ኢስሊ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማርቲ የራሱን እጅ ያይ ነበር። ሁለተኛው አዝማች ላይ ጥሩምባዎቹ ክንዷን ሊይዙ ሲመጡ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ያለ አንዳች ስህተት፣ አለፈቻቸው።

ሚስተር ፕሩዊት ሳያልቅ እጁን አነሳ፤ ማርቲ አቆመው። ዊልበርት ትንፋሹን ይዟል።

«አይ» አለ ሚስተር ፕሩዊት ባርኔጣውን እየደፋ። «ያንቺ ልክ አይደለም። ድምፅሽ ደህና ነው፣ ግን ትጣያለሽ ከነሱ ጋር። ከበሮና ጊታር ይበቃሻል፣ ሬኒ።»

«አዎ፣ ሚስተር ፕሩዊት።»

«ነይ፣ ወደ ቤትሽ እናድርስሽ።»

መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ ከሚስተር ፕሩዊት ጎን ተቀመጠች። ውጪው ገና ብርሃን ነበር። ሰው ከሥራ እየወጣ ነው፤ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሴቶች ወረቀት ይዘው ቆመዋል፤ አላፊ አግዳሚው አያነብላቸውም። የዊልበርት ዓይኖች በመስታወቱ ውስጥ አንዴ ከዓይኗ ጋር ተገናኙ። ሁሉን አውቋል። ቤት ሲደርሱ እንደማይጠይቃት፣ እሷም እንደማትነግረው፣ ኢርሊን ሳህን ስታቀርብ ሦስቱም ስለ ዋጋ እንደሚያወሩ አወቀች። እጆቹ መሪው ላይ ናቸው፤ ሙሉ ናቸው፤ እነሱን እያየች ልቧን ለማሳረፍ ሞከረች።

ሰፈራቸው ሊደርሱ ሲሉ ሚስተር ፕሩዊት በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየ ማንጎራጎር ጀመረ። አንዴ ሰምቶት ዜማውን ይዞታል። ሸሚዝህ ገመዱ ላይ ነው፣ ዝናብ መጣ። እዚህ ላይ፣ እሷ የምትተነፍስበት ቦታ ላይ፣ ቆመ። ቫዮሊኖቹን እየጠበቀ ይሁን፣ ሌላ ነገር፣ ከፊቱ አይታወቅም። ዊልበርት መኪናውን ቀስ አደረገ፤ የሚያዘገይ ነገር ግን መንገዱ ላይ አልነበረም። ከዚያ ሰውየው ቀሪውን ቃል በለሆሳስ ጨረሰና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሬኔታ አፏን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ፣ ደረቷ እንዳይነሳና እሱ እንዳይሰማ አድርጋ ተነፈሰች።